የአሉ ጠረጴዛ

ሰው ለመፍጠር ፈቃድ ያስፈልጋል። ያፌት ለአንድ ከሰዓት በኋላ አውጥቶልን ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁት መጀመሪያ «ለመፍራት» ብሎ መልሶ ተከለከለ፤ «ለመዝናናት» ብሎ ሲያስተካክለው ተፈቀደለት።

ከቤቴ ስወጣ አንገቴ ላይ ያለው፣ ንግግሬን ሁሉ የሚመዘግበው ሰሚ እንደ ሌላው ቀን ነጭ ያበራል። ነጭ ሲያበራ የምናገረው የሆነ ነገር ነው። ግራጫ ከሆነ ገና ያልተረጋገጠ ነው፤ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የተፈጠረ። ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ኧረ አቦ፣ የዛሬው ሙቀት ሰው ይገድላል!» ከማለቱ የራሱ ሰሚ «ዛሬ በሙቀት የሞተ ሰው አልተመዘገበም» አለው። ሰውዬው አፍሮ «በጣም ይሞቃል ለማለት ነው» ብሎ አረመ። ከዚያ በኋላ ከዚራ እስክንደርስ ማንም አልተነፈሰም።

ድሬዳዋ ናት እንግዲህ ይቺ! በኔ ጉብዝና ከለገሃር እስከ ከዚራ በእግሩ የሄደ ሰው ሆዱን ይዞ ሳይስቅ አይደርስም ነበር። ጫት ሻጯ ስለ ባሏ፣ ባሏ ስለ ጅብ፣ ልብስ ሰፊው ስለ ሁለቱም እየጨመረ እየቀባባ ያወራል፤ የሚያዳምጠውም እንደተጨመረበት እያወቀ «ወላሂ?» ይላል። ዛሬ የሚጨምር ሰው የለም። ለልጅ ተረት ለመንገር እንኳ ፈቃድ ይወጣል። ጎረቤቴ ፈቃዱ ሰልችቷት ተወችው፤ ልጇን የምታስተኛው የነገውን የአየር ሁኔታ እየነገረች ነው።

ፌቨን እባላለሁ። ጥቅምት ላይ ሰባ ይሞላኛል። ሰባ ሲሞላ ማኅደር ይዘጋል፤ ዕድሜ ልኬን የተናገርኩት ሁሉ ተጣርቶ ነጩ ለልጅ ልጄ ለኤልዳና ይተላለፋል። እኔ ስሞት በኔ ድምፅ የሚያወራት እሱ ነው። ግራጫው ምስክር ከተገኘለት ይነጣል፣ ካልተገኘለት ይጣላል። ቢጫው ለማንም አይሄድም።

ያፌት ሽርጡን ታጥቆ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«ዘገየሽ አንቺ ሴትዮ! ጂኑ ሰልችቶት ሊሄድ ነው።»

«አንተን ካየማ ፈርቶ ነው የሚሄደው» አልኩት።

ሳቀ። ያፌት ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ለኛ ግን አጫዋቻችን ነው። በሃያዎቹ ውስጥ እያለን አራት ሆነን እዚሁ ቤት፣ በእናቱ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በየሐሙሱ የፍርሃት ጨዋታ እንጫወት ነበር፤ እሱ፣ እኔ፣ ሲትራና የሲትራ ታላቅ ወንድም ረምዚ። አጫዋቹ አንድ የሚያስፈራ ታሪክ ይዘረጋል። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን ታሪኩ ውስጥ እናስገባለን። ሰውዬው በሩን ይክፈት አይክፈት የምንወስነው እኛ ነን፤ ከበሩ ኋላ ያለው ነገር ይብላው አይብላው የሚወስነው ዳይስ ነው። ስልኮቻችንን ፍሪጅ ውስጥ እንከታቸው ነበር፤ እየበሩ ፍርሃቱን እንዳያበላሹብን። ለዚህ ነው ከዚያ ዘመን ጨዋታችን አንድ ቃል እንኳ የትም ያልተቀዳው።

የጠረጴዛው ሕግ አንድ ነበር። ስለፈጠርሽው ሰው ስታወሪ ንግግርሽን በ«አሉ» ትዘጊዋለሽ። «በሩን ከፈተች አሉ።» «አልፈራም አለች አሉ።» አሉ የሌለበት ነገር የራስሽ ነው። «ውሃ ጠማኝ» ካልሽ ያፌት ተነስቶ ውሃ ያመጣልሻል፤ «ውሃ ጠማት አሉ» ካልሽ ግን ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር ይጠብቅሻል።

ረምዚ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በሁለተኛው ወር ያ ብዙ ሰው የፈጀው ሙቀት እሱንም ገደለው። አርባ ስድስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ በልተንበታል፣ አልተጫወትንበትም። አሁን ያፌትን ልጁ ሐዋሳ ልትወስደው ነው፤ ቤቱም ተሸጧል። «ሳልሄድ አንዴ ላስፈራራችሁ» ብሎ ነው የጠራን።

ሲትራ ቀድማኝ መጥታ ማራገቢያው ስር ተቀምጣ ቴምር ትበላለች። ገና ስታየኝ «ወፍረሻል» አለችኝ። የሷ ሰሚ ነጭ አበራ።

ያፌት ፈቃዱን ከፈተ፤ የሦስታችንም አንገት ቢጫ ሆነ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሕፃን ሆኜ ከትምህርት ቤት የፎረፍኩ መሰለኝ። ያፌት ዳይሶቹን እጁ ውስጥ እያንገጫገጨ «እሺ፣ ሰዎቻችሁን ፍጠሩ» አለ። «የኋላ ታሪክ እፈልጋለሁ። የማን ልጅ ናቸው? ማንን አጡ? ምን ቢያዩ ይጮኻሉ? ምንም የሌለውን ሰው በምን ላስፈራራው?»

«ወይዘሮ ፌቨን» አለኝ ሰሚዬ፣ «ለእርስዎ የሚስማሙ አርባ የኋላ ታሪኮች አዘጋጅቻለሁ። ላንብብልዎት?»

«አታንብብልኝ። ደግሞ እርስዎ አትበለኝ፤ ድሬ ውስጥ አንቱ የለም ብዬሃለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። ምን ታደርጊዋለሽ?

ሲትራ የሷን አስነበበች። አንድ እጁ የተቆረጠ፣ ኖርዌይ አገር የመርከብ መብራት የሚጠብቅ፣ ውሃ የሚፈራ ሽማግሌ ደረሳት።

«ኖርዌይ የት ነው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ! እሱ ነው የሰጠኝ። ውሃ የሚፈራ ሰው ግን ባሕር ዳር ምን ሊሠራ ሄደ?»

«እኔ ልሥራ፣ በአፌ» አልኩ። ዳቦ ጋጋሪ ልፈጥር ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ባሌ ሆኖ ቁጭ አለ። ነፍሱን ይማረውና እሱ ነበር ዱቄት እያቦነነ የሚያስነጥሰኝ። ወታደር ጀመርኩ፤ አጎቴ ሆነ። ሌባ ጀመርኩ፤ እሱም የማውቀው ሌባ ነው። አፌ ዝጓል! በሃያ ሦስት ዓመቴ እኮ ባጃጅ እየጠበቅኩ ሦስት ሰው የምፈጥር ሴት ነበርኩ። ሁለቱ ጓደኞቼ ሲያዩኝ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

«ዘነበችን ላምጣት?» አልኩ በመጨረሻ።

ያፌት ፊቱ በራ። ዘነበች በድሮው ጨዋታ የፈጠርኳት ሰው ናት፤ በፈረንሳዮቹ ጊዜ ለገሃር መስኮት ላይ የምትቀመጥ ቲኬት ቆራጭ። መቶ ጊዜ ከሞት ያመለጠች ሴት!

«ትምጣ እንጂ! ግን አርጅታለች፤ አዲስ የኋላ ታሪክ ያስፈልጋታል። ማንን አጣች?»

አፌ ቀደመኝ። «የምትወደው ሰው ነበር አሉ» አልኩ። «ጅቡቲ ሄዶ ቀረባት አሉ። ሊሄድ ሲል እንዲህ አላት አሉ፤ የምሄደው ቤት እስካገኝ ነው። ቤት ያገኘሁ ቀን መጥቼ እወስድሻለሁ። እናቴን እኔው እነግራታለሁ፣ አንቺ አትጨነቂ። ሄዶ ሞተ አሉ።»

ይሄ የዘነበች አልነበረም። ረምዚ ነው ያለው፤ ቃል በቃል። ያፌት ዳይሱን ማንገጫገጭ አቆመ። ሲትራ የቴምሩን ፍሬ ከአፏ አውጥታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና «ውይ፣ ምስኪን» አለች። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ።

እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር! ባቡሩ ማንም የማያውቀው ጣቢያ ላይ ቆመ። የጣቢያው ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ያፌት ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ያ የደከመ ሽማግሌ ጠፍቶ የሃያ አምስት ዓመቱ ጎረምሳ ከፊታችን ተቀመጠ። የኖርዌዩን ሰውዬ ከሽንት ቤቱ ቧንቧ ውስጥ ስሙን ሲጠሩት ሲትራ ጮኸች፣ እኔ ሲትራን ይዤ ጮኽኩ፣ ሰሚዎቻችን እርዳታ እንጥራ ወይ ብለው ጠየቁን። እስክንፈርስ ሳቅን። ከጠረጴዛው በአንዱ በኩል አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ማናችንም ዕቃ አላስቀመጥንበትም።

በማግስቱ ጠዋት ሻሂዬን ይዤ እንደ ልማዴ «ረምዚ ያለውን አሰማኝ» አልኩት። ከብዙ ዓመት በፊት ለሰሚዬ ነግሬው በግራጫ የተቀመጠ የራሴ ድምፅ ነው፤ አንዳንድ ጠዋት አዳምጠዋለሁ።

«ይህ ንግግር የወይዘሪት ዘነበች ነው» አለኝ። «ትናንት በፈቃድ የተፈጠረ የኋላ ታሪክ በመሆኑ ወደ ቢጫ ተዛውሯል።»

«የምን ዘነበች? የኔ ነው እንጂ!»

«የፈጠሩትን ሰው ታሪክ እንደ ራስዎ ታሪክ ማየት በዕድሜዎ የተለመደ ነው፤ አይጨነቁ። ሐኪም ላገናኝዎት?»

ሻሂው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ተናድጄ ልሰድበው ፈለግኩ፤ ግን ምን ብዬ ልሟገተው? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ረምዚ ያንን ቃል የተናገረው ጠረጴዛው ላይ ነው። ያን ቀን የሱ ሰው ሙሴ ጋስቶን የሚባል ሰካራም ፈረንሳዊ የጣቢያ አለቃ ነበር። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ጋስቶን ወደ ቲኬቱ መስኮት መጣና ዘነበችን እንዲህ አላት አሉ፤ ብሎ ጀመረ ረምዚ፤ ያንን ሁሉ ተናገረና በ«አሉ» ዘጋው። እኔን አላየኝም። ዳይሱን ነበር የሚያየው።

ከጠረጴዛው ውጪ እኔና እሱ ምን ተነጋግረን እናውቃለን? ምንም! እኔ የቄስ ልጅ፣ እሱ የሼህ ልጅ፣ ወደ ቤት ስንሄድ ሲትራ መሀላችን። እጄን እንኳ ይዞት አያውቅም። ግን ጋስቶን ለዘነበች መንገድ ሲያበራላት፣ ጋስቶን ኮቱን ሲያለብሳት፣ ጋስቶን ከጅቡ ፊት ሲቆምላት እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እቀልጥ ነበር። እወደው ነበር፤ ይኸው ነው። እሱ ይውደደኝ አይውደደኝ ግን አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አላወቅኩም። አሉ ብሎኛላ! አግብቼ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ያቺን አንዲት ንግግር እያገላበጥኩ አረጀሁ። የልጅ ልጄ ስለኔ ሁሉንም ትሰማለች፤ ያስነጥሰኝ የነበረውን ዱቄት ሳይቀር። ይሄንን ግን አትሰማም። ልቤ አንዴ እንዲህ ቀልጦ እንደነበር አታውቅም።

«ምን ቢደረግ ነው ነጭ የሚሆነው?» አልኩት።

«በስፍራው የነበሩ ሁለት ሰዎች ተናጋሪው በራሱ ስም እንደተናገረ ካረጋገጡ።»

በስፍራው የነበሩት በሕይወት ያሉ ሰዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ቅዳሜ ሐዋሳ ይሄዳል። ሌላዋ የረምዚ እህት ናት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ትንፍሽ ብዬላት አላውቅም።

ያፌት ሽቦ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ሲከት ደረስኩበት። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። እንዲዋሽልኝ ልለምነው አልመጣሁም፤ መዋሸትም አይቻልም፣ አንገቱ ላይ ይበራበታል። የሰማውን እንዲነግረኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

«ረምዚ አሉ ብሏል ወይስ አላለም?» አልኩት።

«ብሏል» አለ ያፌት።

ለካስ እኔ ተሳስቼ ነው እንጂ አሉን አላለም ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

«ብሏል፤ ግን የጋስቶን የኋላ ታሪክ ትዝ ይልሻል?» አለኝ ሽቦውን አስቀምጦ። «ትዝ አይልሽም፤ እኔና ረምዚ ብቻችንን ነን የሠራነው። ጋስቶን ማርሴይ ወደብ ላይ ቅርጫት ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ልጅ ነው። እናት የለውም። አባት የለውም። የሚፈራው ባዶ ቤት ነው፤ ማንም ሰው ጠብቆት አያውቅማ። ስንት ሐሙስ በዚያ አስፈራርቼዋለሁ! ታዲያ ‹እናቴን እኔው እነግራታለሁ› ያለው የቱ ጋስቶን ነው?»

ካርቶኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቀጠለ።

«አጫዋች ነኝ እኮ፣ ፌቨን። ሲትራ የሌላትን ሽጉጥ ስትመዝ ያስቆምኳት እኔ ነኝ። አንቺ ዘነበች ፈረንሳይኛ ታንብብ ስትዪ ‹የት ተማረች?› ያልኩሽ እኔ ነኝ። ስህተት አሳልፌ አላውቅም። ያን ቀን ‹የምን እናት አምጥተህ ነው?› ማለት ነበረብኝ። ልለው አፌን ስከፍት አየሁት፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል፣ ከግንባሩ ላብ ዳይሱ ላይ ይንጠባጠባል። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ያሳለፍኳት ስህተት እሷ ብቻ ናት።»

«ለምንድን ነው ታዲያ እስከ ዛሬ ያልነገርከኝ?»

«የገባሽ መስሎኝ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። «ላንቺ የተነገረን ነገር እኔ መልሼ ልንገርሽ?»

አርባ ስድስት ዓመት የምቀመጥበትን ወንበር አጥቼ ድንገት አንድ ሰው ስቦ ያቀረበልኝ መሰለኝ። ያፌት መሀረቡን አውጥቶ ሰጠኝ፤ መሀረቡ የመኪና ዘይት ይሸታል።

መጋላ ወዳለው የሲትራ ቤት አብረን ሄድን። ባጃጅ ውስጥ ልመለስ ልመለስ አለኝ። ሲትራ ለወንድሟ ሟች ናት፤ ማኅደሩን እሷ ናት ያስዘጋችው፣ ንጹሕ አድርጋ። ዛሬ ሄጄ ወንድምሽ የቄስ ልጅ ሊያገባ ነበር ልበላት? ብታስወጣኝስ? ከልጅነቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ያፌት ግን ክርኔን ይዞ አወረደኝ።

ሲትራ በሩን ከፍታ አየችን፤ ዓይኗ አብጧል። ሳንቀመጥ «መቼ ነው የምትነግሪኝ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቅሽ አደርኩ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለች ደግሞ! የጠረጴዛውን ነዋ። ትናንት ‹እናቴን እኔው እነግራታለሁ› ስትዪ የሱ ድምፅ ነው የመጣብኝ። እኔ ያኔ ጨዋታ መስሎኝ እየሳቅኩ ነበር የሰማሁት። ፌቨን፣ አርባ ስድስት ዓመት! ሙሾ ስናወርድ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ እኔን ስታባብዪኝ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሙሴ ጋስቶን አሉ ያለውን? የኔ መሆኑን እኔስ መቼ አወቅኩ?»

«ብታፍሪ ነው!»

«አዎ፣ አፍሬ ነው» አልኳት፤ ጮክ ብዬ። «ፈርቼም ነው። አንቺን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። አሁንም ፈርቻለሁ።»

ተቀመጠች። ከዚያ ሲትራ ወደኔ ሳትዞር ማውራት ጀመረች።

«ሊሄድ ሲል እናቴ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። ምን አለሽ ብላት ዝም። እሱን ቀበርን። ከዚያ በየዒዱ ጣፋጩን ሙሸበክ አንድ ሳህን ትሠራና ‹ለፌቨን አድርሺ› ትለኛለች። በር ለበር ላለችው ጎረቤታችን አይደለም፣ ለያፌት አይደለም፤ ከተማውን አቋርጬ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ላንቺ። አግብተሽም አልተወችም። ‹ለምን ለሷ ብቻ?› ብዬ አንድ ቀን ተጣላኋት። ‹የቤት ሰው ናት› አለችኝ። አርጅታለች፣ ትቀላቅላለች ብዬ ተውኳት።»

ያንን ሙሸበክ በልቻለሁ! ስኳሩን ጣቴን እየላስኩ በልቻለሁ። ሳህን ባዶ አይመለስም ብዬ በፋሲካ ድፎ ዳቦ ቆርጬ ልኬላታለሁ፤ እሷም «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» ብላ ትልክብኝ ነበር። ልጄ ስትለኝ የአሮጊት አፍ ነው ብዬ አለፍኩት። እስከሞተችበት ቀን ድረስ ሁለታችን ሳህን ስንላላክ፣ ታውቅ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ነግሯት ነበር! እንዳለው አድርጎ ነግሯት ነው የሄደው። በሲትራ ወለል ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ያፌት ሰሚዬ ሁለት ምስክር እንደሚፈልግ ነገራት። ሲትራ ተነስታ ፊቷን ታጠበችና «በሉ እንጨርሰው፣ ያ ዕቃሽ ይጠይቀን» አለች።

ሰሚዬ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አነጋገራቸው። በመጀመሪያ ያፌት ተጠየቀ።

«ረምዚ ነው የተናገረው» አለ ያፌት ጎሮሮውን ጠርጎ። «በራሱ ስም፣ ለፌቨን ነው የተናገረው አሉ።»

ሰሚው አሉን እንደ ፈጠራ ቆጥሮ ቢጫ በራ።

«አንተ!» አለች ሲትራ።

«ኤጭ! አመሌ ነው፣ ይቅርታ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለነሱ ሳወራ አፌ የለመደው…» እንደገና ጀመረ፤ እንደገና መጨረሻው ላይ አሉ ብሎ ደፋው። ሦስተኛ ላይ ሲትራ ንግግሩ ሊያልቅ ሲል አፉን በእጇ ያዘችው። ግራጫ ሆነ።

«አንድ ምስክር ተገኝቷል» አለ ሰሚው። «ወይዘሮ ሲትራ፣ እርስዎስ?»

«ወንድሜ ነው ያለው። ለሷ ነው ያለው። ለእናቴም ነግሯታል፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ እንደ ልጇ አድርጋ ይዛታለች» አለች ሲትራ። አንድም ጊዜ አልተደናቀፈችም።

«አመሰግናለሁ። ለማጠናቀቅ፣ ከወይዘሮ ፌቨን ጋር ያለዎት ግንኙነት ጓደኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ትክክል ነው?»

ሲትራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ጓደኛዬ ናት፤ ከዚህ የበለጠ ምን ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አይደለም» አለች። «ዋርሳዋ ነኝ።»

«የጋብቻ መረጃ አልተገኘም።»

«አንተ ስላላገኘኸው ነው እንዴ የሌለው? የወንድሜ ናት አልኩህ። ዋርሳዋ ነኝ፤ ዋርሳዬ ናት። ጻፍ!»

ከዚያ የሲትራ አንገት ነጭ በራ፤ ቀጥሎም የኔ። «ተስተካክሏል» አለ ሰሚው በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

ያፌት ፊቱን አዙሮ ተናፈጠ። እኔ እጄን ዘርግቼ ሲትራን ላቅፋት ስል ገፋ አደረገችኝና ወደ ማድ ቤቱ ሄደች።

«እንግዳ መስለሽ ምን ትቀመጫለሽ?» አለችኝ ከውስጥ። «የቤት ሰው ነሽ፤ ነይ ሳህን አቅርቢ።»

ተነስቼ ገባሁ።